በ400 ቀን 400 ነጥብ፦ የማይክል ዴ ላ ማዛ ጉዳይ፣ ኦንላይን ቼዝ ለሚጫወት ሰው

ቼዝ ላይ ለመሻሻል የሚታገል አማተር ቶሎም ይሁን ዘግይቶ ከአንድ ስም ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ማይክል ዴ ላ ማዛ ይባላል። አሜሪካዊ ነው፤ ከኤምአይቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያለው። በልጅነቱ በአሰልጣኝ እጅ ያደገ ተጫዋች አይደለም። ውድድር የጀመረው በ1999 አጋማሽ፣ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያኔ የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን ሬቲንጉ (የጥንካሬ ነጥቡ) ከ1400 በታች ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ 2041 ደረሰ። በ2001 ፊላደልፊያ ላይ በተካሄደው ወርልድ ኦፕን፣ ከ2000 በታች ያሉት በሚወዳደሩበት ምድብ አንደኛ ወጥቶ 10,000 ዶላር ወሰደ። ከዚያ ቼዙን ተወው።

መንገዱን፣ ማለትም ፐዝሎችን (ምርጡን እርምጃ ፈልጉ የሚሉ የሰሌዳ ጥያቄዎችን) ደጋግሞ መፍታትን፣ በ2001 «በ400 ቀን 400 ነጥብ» በሚል ርዕስ ጽፎ አወጣ፤ በዓመቱ መጽሐፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወሬው አልበረደም። አንዱ ወገን «ያው ሰውዬው አደረገው፣ አንተም ፐዝልህን ስራ» ይላል። ሌላው ወገን፣ ከነሱም መሃል ታዋቂው አስተማሪ ጄረሚ ሲልማን ነበረበት፣ ነገሩን ክፉኛ ነው የተቸው። የእኔ አቋም ከሁለቱም ትንሽ ይለያል። ሰዎች ከእሱ የገለበጡት የፕሮግራሙን መልክ ነው፤ ሰባት ዙር፣ ሺህ ምናምን ፐዝል። ሰውዬውን ያሻሻለው ግን በአብዛኛው ከፕሮግራሙ በፊት የወሰነው ውሳኔ እና የተለማመደውን ነገር የፈተነበት ረጅም ጨዋታ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ ራሱ፣ በተለይ ዝነኛ የሆነው ክፍሉ፣ ከጠቅላላው ጉዳይ ደካማው ነገር ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ቀስ ብዬ ላስረዳ።

መጀመሪያ ግን ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ። ሬቲንግ በሚሰላበት በኤሎ ቀመር አንድ ተጫዋች ከሌላው በ400 ነጥብ ከበለጠ፣ 11 ጨዋታ ቢጫወቱ 10 ነጥብ እንደሚያገኝ ይገመታል። ማለትም 400 ነጥብ ስትጨምሩ የድሮውን ራሳችሁን ብትገጥሙት ጨዋታ ሳይሆን ቀልድ ይሆናል። በአሜሪካኖቹ አከፋፈል ደግሞ በየ200 ነጥቡ አንድ ክፍል አለ። ከ1200 እስከ 1399 ያለው ዲ ክፍል ነው፣ 2000 ላይ ኤክስፐርት ይባላል፣ ማስተር 2200 ላይ ይጀምራል። ስለዚህ ሰውዬው ቢያንስ ከዲ ተነስቶ ሲን፣ ቢን እና ኤን አልፎ ኤክስፐርት ገብቷል። በሁለት ዓመት። በትልቅ ሰውነቱ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር መቀነስ አለበት። ውድድር የጀመረ አዋቂ ሰው የመጀመሪያ ሬቲንጉ ትክክለኛ አቅሙን ላያሳይ ይችላል። ፌዴሬሽኑ ራሱ እስከ 25 ጨዋታ ድረስ ሬቲንጉን «ጊዜያዊ» ነው የሚለው። ሰው ሰዓት መጠቀም፣ በጭንቀት መጫወት፣ የተቃዋሚን ፊት ረስቶ ሰሌዳውን ማየት እስኪለምድ ድረስ ከአቅሙ በታች ነው የሚጫወተው። ስለዚህ ከዝላዩ የተወሰነው ክፍል በማንኛውም መንገድ ይመጣ ነበር። ሁሉም ግን አይደለም። 2041 በመላመድ ብቻ አይደረስም።

ውሳኔው

ዴ ላ ማዛ ትልቁን ነገር የሰራው አንድም ፐዝል ሳይፈታ ነው ብዬ አምናለሁ። በእሱ ደረጃ ያሉ ሰዎች ጨዋታ በምን እንደሚጠፋ ጠየቀ። መልሱ አሰልቺ ነበር፤ በታክቲክ፣ ማለትም በጥቂት እርምጃ ጠጠር በሚያስበላ ወይም ማት በሚያመጣ ምት። አንዱ ፈረሱን በነጻ ይሰጣል፣ ሌላው ፎርክ (በአንድ ጠጠር ሁለቱን ባንዴ መምታት) አያይም፣ ሦስተኛው በሁለት እርምጃ የሚመጣ ማት ያመልጠዋል። ጨዋታው የሚወሰነው እዚያ ነው። ስለ ደካማ ካሬ፣ ስለ ፓውን አቀማመጥ፣ ስለ ጥሩና መጥፎ ቢሾፕ የሚያስተምረው ትምህርት እውነት ነው፤ ግን አንድ ሩክ በነጻ ለሚሰጥ ሰው ገና አይደርሰውም። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትቶ ታክቲክ ብቻ ያዘ።

ይሄ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አብዛኛው አማተር የሚያጠናው የሚያስደስተውን ነው። ኦፕኒንግ (የጨዋታው መክፈቻ) ያስደስታል፤ ስም አለው፣ ታሪክ አለው፣ ቪዲዮው ማራኪ ነው። አንድ ሰው ሲሲሊያን የሚባለውን ኦፕኒንግ አሥራ አምስተኛ እርምጃ ሲያጠና ይከርምና ጨዋታው ላይ በሰባተኛው እርምጃ ተቃዋሚው ከመጽሐፍ ይወጣል፤ በአሥራ ሁለተኛው ቢሾፑ ይበላል። ከዚያ «ኦፕኒንጉን በደንብ አላጠናሁትም» ይላል። ዴ ላ ማዛ ይሄን ሰንሰለት በጠሰ። ምክንያቱን ከሽንፈቱ አወጣ፣ ከዚያ ያንን ብቻ መታ። ሲልማንና ሌሎች የተቹት «ሌላው ቼዝ የለም ወይ?» ብለው ነው፤ ጥያቄው ለ2000 ተጫዋች ልክ ነው፣ ለ1200 ተጫዋች ግን ገና ነው።

ሰባቱ ዙሮች

ፕሮግራሙ ሁለት ክፍል አለው፤ በጠቅላላው አምስት ወር ገደማ ይወስዳል።

የመጀመሪያው ክፍል ዓይን ማሰልጠኛ ነው። ባዶ ሰሌዳ ላይ የጥቁሩን ንጉሥ መሃል ታስቀምጣላችሁ፣ አጠገቡ ሩክ። ከዚያ የነጩ ንግሥት ሁለቱን ባንዴ መምታት የምትችልባቸውን ካሬዎች በሙሉ ትፈልጋላችሁ። ሩኩን አንድ ካሬ ታዛውሩና እንደገና። በንጉሡ ዙሪያ እየሰፋ ይሄዳል። ሌላው የፈረስ ልምምድ ነው። ፈረሱን ኤ1 ላይ አስቀምጦ የሚደርስባቸውን ካሬዎች መንካት፣ ቀጥሎ ቢ1፣ እንዲህ እየተባለ 64ቱንም ካሬ። ከዚያ ደግሞ ፈረሱ ከአንድ ካሬ ወደ ሌላው በትንሹ በስንት ዝላይ እንደሚደርስ። አሰልቺ ነው፣ በጣም አሰልቺ ነው። ግን ፈረስ ድንገት ከየት መጣብኝ የሚል ሰው ቢያንስ የፈረሱን ክፍል ቢሞክረው አይጎዳም።

ሁለተኛው ክፍል ነው ስሙን የሰራው። ሲቲ-አርት 3.0 የሚባል፣ በማክሲም ብሎክ የፐዝል ስብስብ ላይ የተመሠረተ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። 1,209 ፐዝል አለው፣ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደረ። አንድ የምወድለት ነገር አለ፤ ስትሳሳቱ መልሱን ዝም ብሎ አይነግራችሁም፣ የዚያኑ ሐሳብ አጥንት 5 በ5 በሆነች ትንሽ ሰሌዳ ላይ አውጥቶ ያሳያችኋል። ሌላው ኮተት ተነስቶ ንጉሡ፣ ሩኩና ፈረሱ ብቻ ይቀራሉ። «አሃ» የምትሉት እዚያ ነው።

ዴ ላ ማዛ እነዚህን ፐዝሎች ሰባት ጊዜ ዞራቸው። የመጀመሪያው ዙር 64 ቀን፣ ሁለተኛው 32፣ ከዚያ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ የመጨረሻው 1 ቀን። ድምሩ 127 ቀን ነው። ሒሳቡን ስሩት። መጀመሪያ ላይ በቀን 19 ገደማ ነው፤ ሥራ ያለው ሰው ይችለዋል። ሦስተኛው ዙር ላይ 76 ይሆናል። አምስተኛው ላይ 300 ያልፋል። ስድስተኛው ላይ በቀን 600። በመጨረሻው ቀን 1,209ኙም በአንድ ቀን፤ ለአንዱ 30 ሰከንድ ብቻ ብትሰጡት እንኳ አሥር ሰዓት ሙሉ ነው። ከእሱ በኋላ ብዙ ሰው ሞክሮታል፤ ብዙዎቹ የሚወድቁት ከአራተኛው ዙር በኋላ ነው፣ በዚህም አይፈረድባቸውም። ተሻሽለናል ያሉ አሉ። የእሱን ያህል ዘለልኩ ያለ ግን እኔ አላጋጠመኝም።

እና ይሄ ነገር ለምን ሊሰራ ይችላል?

ለመልሱ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አድሪያን ደ ግሩት በ1946 ባወጣው ሥራው ጠንካራ ተጫዋቾች ከደካሞቹ በጣም ራቅ አድርገው በማስላት እንደማይለዩ አሳየ። የሚለዩት ጥሩውን እርምጃ ቶሎ በማየታቸው ነው። በ1973 ዊልያም ቼይስ እና ኸርበርት ሳይመን ሙከራውን አሰፉት። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ ሲያሳዩት ማስተሩ ከሞላ ጎደል መልሶ ይደረድረዋል፤ ጀማሪው ጥቂት ጠጠር ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ጠጠሮቹ እንዲያው በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን የማስተሩ ብልጫ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ማለትም ማስተሩ የተለየ የማስታወስ ችሎታ የለውም፤ ያየው ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ በጥቅል በጥቅል ተቀምጦለታል። አንድን ፐዝል ሰባት ጊዜ ማየት ያንን ጥቅል ይሰራል ነው ሐሳቡ። «መልሱን መሸምደድ ነው» የሚለው ትችት ለዚህ ነው እኔን ብዙ የማያሳምነኝ። መሸምደድ ራሱ የሥራው አካል ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ዙሩ የሚጠብበት አቅጣጫ

የመጀመሪያዋን ፐዝል እንከተላት። በቀን 1 ታያታላችሁ። እንደገና የምትመጣው በቀን 65 ነው። ከዚያ በ97፣ በ113፣ በ121፣ በ125፣ በ127። ልብ በሉ፤ ገና አዲስ ሳለች፣ ለመርሳት በጣም ቅርብ በሆናችሁበት ሰዓት፣ ሁለት ወር ሙሉ ትታችኋት ትሄዳላችሁ። በደንብ ካወቃችኋት በኋላ ደግሞ በአራትና በሁለት ቀን ልዩነት ትመላለሳለች። ከ127ኛው ቀን በኋላ ጭራሽ የለችም።

ስለ ማስታወስ የሚታወቀው ነገር ተቃራኒውን ይመክራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ ያወጣው የመርሳት መስመር መጀመሪያ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ይለዝባል። ስለዚህ አዲስ ነገርን ቶሎ መድገም፣ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ክፍተቱን ማስፋት ነው የሚያዋጣው። የዴ ላ ማዛ ዙር የተሰራው እንደ ፈተና ሰሞን ጥናት ነው፤ መጨረሻው ላይ ሁሉንም ባንዴ ጭንቅላት ውስጥ አጭቆ ፈተናው ክፍል መግባት። ለአንድ ትልቅ ውድድር ለሚዘጋጅ ሰው ይሄ መጥፎ ላይሆን ይችላል። ከውድድሩ ማግስት መጫወት ላቆመ ሰውማ ጭራሽ ጉዳት የለውም፤ ቢረሳው ማን ያውቅበታል። ኦንላይን ለሚጫወት፣ ውድድሩ ሁልጊዜ ለሆነ፣ «የመጨረሻ ቀን» ለሌለው ሰው ግን ስሌቱ አይገጥምም።

በሌላ በኩል አንድ ተቃራኒ ማስረጃ አለ፣ አልደብቀውም። ስዊድናዊው ሃንስ ቲካነን ተመሳሳይ፣ እየጠበበ የሚሄድ ዙር ሰርቶ በ2010 በሰባት ሳምንት ውስጥ ሦስት የግራንድማስተር ኖርም (ለማዕረጉ የሚቆጠር የውድድር ውጤት) አግኝቷል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ቲካነን ያኔም ኢንተርናሽናል ማስተር፣ ከግራንድማስተር አንድ ማዕረግ ብቻ በታች፣ ነበር። ጥቅሎቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበሩ፤ ዙሩ ፍጥነት ነው የጨመረለት። የሚያውቁትን ነገር ለማፍጠን ክፍተቱን ማጥበብ ይሰራል ብዬ አስባለሁ። የማያውቁትን ለመያዝ ግን ማስፋት ይሻላል። 1200 ላይ ያለ ሰው ደግሞ ገና የማያውቀው ይበዛል።

ሁለተኛው ድክመት ይበልጥ ስውር ነው። ፐዝል ሲቀርብላችሁ አንድ ትልቅ ነገር በነጻ ይነገራችኋል፤ «እዚህ አንድ ነገር አለ።» ጨዋታ ላይ ይሄን የሚነግራችሁ የለም። በዚህ የተነሳ የፐዝል ሬቲንጉ 2200 ሆኖ በጨዋታ 1300 ላይ የተቀመጠ ሰው ሞልቷል። መፍታት ይችላል። መቼ መፈለግ እንዳለበት አያውቅም።

ከዚህም የከፋው፣ የለመደውን መልክ ሲያይ ሳያጣራ ይዘልበታል። የሌጋልን ማት ውሰዱ፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰው የሚጠመድበት። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ዲ6፣ ቢሾፕ ሲ4፣ ጥቁር ቢሾፑን ጂ4 ላይ አምጥቶ ፈረሱን ፒን ያደርጋል (ፈረሱ ከተነሳ ንግሥቷ ትጋለጣለች)፣ ነጭ ሌላውን ፈረስ ሲ3 ያወጣል። ጥቁር እዚህ ጋ ጂ6 ከተጫወተ አለቀለት፤ የነጭ ፈረስ ንግሥቷን ጥሎ ኢ5 ላይ ያለውን ፓውን ይበላል፣ ጥቁር ንግሥቷን ሲበላ ቢሾፑ ኤፍ7 ላይ በልቶ ቼክ ይላል፣ ንጉሡ ኢ7 ይወጣል፣ ሁለተኛው ፈረስ ዲ5 ላይ ሲያርፍ ማት። ቆንጆ ነው። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። አሁን ግን ጥቁር በጂ6 ፋንታ ፈረሱን ሲ6 ላይ ቢያወጣስ? ሰሌዳው ያው ይመስላል። ነጭ ኢ5ን ከበላ ግን ጥቁር ንግሥቷን ትቶ በፈረሱ ኢ5 ላይ መልሶ ይበላል፤ ያ ፈረስ ደግሞ ጂ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ ይጠብቃል። ነጭ ፈረሱን በአንድ ፓውን ሸጠ። ጥቅሉ እንዳለ ነው፣ አንድ ፈረስ ብቻ ነው የተለየው። ሰባት ዙር መደጋገም «አለ!» ብሎ መጮህን ያስተምራል፤ «እውነት አለ?» ብሎ ማጣራትን ግን ሌላ ነገር ነው የሚያስተምረው።

ያ ሌላ ነገር ደግሞ ዴ ላ ማዛ ጋ ነበረ። ሰዎች ሲገለብጡት የሚዘሉት ክፍል ነው። ፐዝሉን በፈታበት ዘመን በአካል ተቀምጦ፣ በረጅም ሰዓት፣ እውነተኛ ውድድር ይጫወት ነበር። ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚከተለው ቅደም ተከተልም ነበረው፤ ተቃዋሚው ምን አስፈራራ፣ ታክቲክ አለ ወይ፣ ከሌለ ዕቅዱ ምንድን ነው። በቀን የሰራው ነገር ጨዋታው ላይ የሚፈተንበት ሰዓትም ሰሌዳም አግኝቷል ማለት ነው። በ2005 ኒል ቻርነስና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ከሁሉም ይበልጥ ከተጫዋች ደረጃ ጋር ተያይዞ የተገኘው ብቻ ተቀምጦ የሚደረግ ጥናት ነው፤ እሱ ይሄን አድርጓል። ግን ጥናቱ የሚያርፍበት ሜዳም ነበረው።

ከዚያ በተረፈ የአንድ ሰው ጉዳይ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ፈርናንድ ጎቤትና ጊዬርሞ ካምፒቴሊ በ2007 አርጀንቲና ውስጥ 104 ተጫዋቾችን አጥንተው ነበር። ማስተር ለመሆን አንዱ 3,016 ሰዓት ልምምድ ሲበቃው ሌላው 23,608 ሰዓት ፈጅቶበታል። ስምንት እጥፍ ማለት ይቻላል። ዴ ላ ማዛ ከፈጣኖቹ ወገን ከሆነ፣ ያው ፕሮግራም በሌላ ሰው እጅ ሩቡን ባያመጣ የሰውየውም የፕሮግራሙም ጥፋት አይደለም።

ኦንላይን ለሚጫወተው ይሄ ምን ያደርግለታል

የመጀመሪያው ነገር ውሳኔውን መኮረጅ ነው፤ ፕሮግራሙን አይደለም። የተሸነፋችሁባቸውን የቅርብ ጊዜ ጨዋታዎች፣ ሃያ ያህሉን፣ አውጡ። ኢንጂኑን (ጨዋታ የሚተነትነውን ፕሮግራም) ገና አትክፈቱት። በየጨዋታው «እዚህ ጋ ነው የተበላሸው» የምትሉትን ቦታ ራሳችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ ኢንጂኑን፣ ለምሳሌ ስቶክፊሽን፣ አብሩና አወዳድሩ። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ራሱ ትምህርት ነው፤ ብዙ ሰው የተሸነፈበት እርምጃ እሱ ካሰበው ከአምስትና ከስድስት እርምጃ በፊት ሆኖ ያገኘዋል። ለእያንዳንዱ አንድ ቃል ጻፉ። የተቃዋሚን ዛቻ አላየሁም። የራሴን ዕድል አላየሁም። ሰዓት አለቀ። ኢንድጌሙን (ጥቂት ጠጠር የቀረበትን የጨዋታ ማብቂያ) አልቻልኩም። ኦፕኒንግ። ከ1500 በታች ላሉት አብዛኛው የመጀመሪያዋ ላይ እንደሚከመር ልወራረድ እችላለሁ። ተቃዋሚው ያስፈራራውን በአንድ እርምጃ አለማየት። እና ይሄ ከዴ ላ ማዛ ፐዝሎችም ትንሽ ይለያል፤ ፐዝል እናንተ እንድትመቱ ያስተምራል፣ የምትሸነፉት ግን ሲመቱባችሁ ነው። ስለዚህ ፐዝል ስትሰሩ ግማሹን ጊዜ በተቃዋሚው ወንበር ተቀመጡ። ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ፐዝሎች የሚወጡት ከተጠቃሚዎች እውነተኛ ጨዋታ ስለሆነ እያንዳንዱ ፐዝል ሊንክ አለው፤ ከፈታችሁ በኋላ ጨዋታውን ክፈቱና ተሸናፊው ከአንድ እርምጃ በፊት ምን ማየት ነበረበት ብላችሁ ጠይቁ። ጊዜ ይወስዳል። ከአሥር ተጨማሪ ፐዝል ይልቅ ይሄ ይሻላል።

ቀጥሎ ሰዓት። ኦንላይን የሚጫወተው ሕዝብ በብዛት የሚጫወተው ሦስት ደቂቃና አምስት ደቂቃ ነው። ብሊትዝ ደስ ይላል፣ እኔም አልጠላውም። ግን ብሊትዝ ውስጥ አዲስ የተማራችሁትን ነገር ለመጠቀም ጊዜ የለም፤ እጃችሁ የሚሰራው የድሮውን ልማድ ነው፣ በተጫወታችሁ ቁጥር ያንኑ ልማድ እያጠነከራችሁ ነው የምትሄዱት። በተለይ ተሸንፋችሁ «አንድ ብቻ ልጨምር» ስትሉ። ያቺ «አንድ» የሬቲንግ መቃብር ነች። 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ጥሩ መነሻ ነው። ሊቼስ የጨዋታን ርዝመት ሲገምት የመነሻ ሰዓቱን ይወስድና ጭማሪውን በ40 አባዝቶ ይደምርበታል፤ ስለዚህ 15 ከ10 ለአንድ ሰው 1,300 ሰከንድ ነው፣ ራፒድ በሚባለው ምድብ ውስጥ ይገባል። 30 ከ20 ክላሲካል ይሆናል። ተቃዋሚ ለማግኘት ትንሽ ትጠብቃላችሁ፤ ጠብቁ።

የእርምጃ ማጣሪያውን ነገር በሚመለከት አንድ የድሮ ልማድ አለ። በሰሌዳ ሲጫወቱ ብዙዎች እርምጃቸውን መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ከዚያ ቀና ብለው ሰሌዳውን እንደ አዲስ ሰው ዓይን አይተው ነው የሚያንቀሳቅሱት። ፊዴ (የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን) በ2005 ይሄን ከለከለ፤ ቀድሞ መጻፍ እንደ ማስታወሻ ይቆጠራል በሚል። ኦንላይን ወረቀት የለም፣ ግን የሊቼስ ማስተካከያ ውስጥ እርምጃን ማረጋገጫ የሚል አለ። አብሩት። እርምጃውን ትጫወታላችሁ፣ ሰሌዳው ላይ ይታያል፣ ግን እስክታረጋግጡ አይሄድም። በዚያች መሃል ሦስት ነገር ብቻ እዩ፤ ተቃዋሚው ምን ቼክ አለው፣ ምን መብላት ይችላል፣ ምን ሊያስፈራራ ይችላል። ፕሪሙቭን (ተቃዋሚው ሳይጫወት እርምጃን ቀድሞ ማዘዝን) ደግሞ አጥፉት፣ ቢያንስ በረጅሙ ጨዋታ።

ፐዝሎቹን በተመለከተ፣ መደጋገሙን ከዴ ላ ማዛ ውሰዱ፣ አቅጣጫውን ገልብጡት። 1,209 አያስፈልግም። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ይበቃል፤ ከነሱም ጥሩ ድርሻው ከራሳችሁ ጨዋታ የወጣ ቢሆን ሸጋ ነው። ዛሬ ያያችሁትን ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት፣ ከዚያ ከሦስት ሳምንት፣ ከዚያ ከሁለት ወር። የተሳሳታችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ቼሴብልን የመሳሰሉት ድረ ገጾች በዚሁ በሚሰፋ ክፍተት ነው የሚሰሩት፤ በወረቀት ካርድም ይሆናል። መሃል መሃሉ ላይ ደግሞ ምንም ታክቲክ የሌለባቸው ቦታዎች ጨምሩ። ከራሳችሁ ጨዋታ ዝም ያለ ሰሌዳ አንሱና «እዚህ ምንም የለም፣ ፈረሱን ብቻ ላሻሽል» የሚል መልስ ያለው ፐዝል አድርጉት። ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፤ ምክንያቱም ደስ አይልም፣ ኮከብም አይሰጥም።

መሻሻሉን በምን ታውቃላችሁ? ሬቲንግ ይዋዥቃል፤ ሊቼስ 1500 ላይ ያስጀምራል፣ ግሊኮ-2 የሚባል የሬቲንግ ስሌት ይጠቀማል፣ ቁጥሩ ከሌላ ድረ ገጽም ከፌዴሬሽን ሬቲንግም ጋር አይወዳደርም። የዴ ላ ማዛን 2041 ከሊቼስ 2041 ጋር ማነጻጸር ዋጋ የለውም። እኔ የምመክረው ያንኑ የሃያ ጨዋታ ቆጠራ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ መድገም ነው። «የተቃዋሚን ዛቻ አላየሁም» የሚለው ክምር ከቀነሰ ሥራው እየሰራ ነው፣ ሬቲንጉ ገና ባይነቃነቅም። ካልቀነሰ ፐዝል መጨመር መልሱ አይደለም፤ ሰዓቱን ወይም ማጣሪያውን እዩ።

ክምሩ እየቀነሰ ሄዶ አንድ ቀን ከፍተኛው «ኢንድጌሙን አልቻልኩም» የሚለው ሊሆን ይችላል፣ ወይም «ዕቅድ አልነበረኝም»። ያኔ ሲልማን ያለው ነገር ተራው ይደርሰዋል፣ ታክቲኩ ወደ ጎን ይልና የሩክና የፓውን ኢንድጌም ይወጣል። ዴ ላ ማዛ እዚያ ላይ አይረዳችሁም፤ 2041 ደርሶ ስላቆመ፣ ያ መንገድ ከዚያ በላይ የት እንደሚያደርስ እሱም ተጫውቶ አላየውም።